የአሠሪው ልብ በምን ይመዘናል?

የሰው ሥራ በዐይን ይታያል፤ ሥራውን ያሠራው ሐሳብ ግን በልብ ጓዳ ተሰውሮ ይኖራል። ዳኛ በችሎት፣ አባት በቤቱ፣ አለቃም በሠራተኞቹ መካከል ሲፈርድ የሚይዘው የታየውን ሥራ ነው። ነገር ግን ሐሳቡን ሳይጠይቅ ቢፈርድ፣ ሳያውቅ የገደለውንና አድብቶ የገደለውን፣ ርቦት የሰረቀውንና ለምዶበት የሰረቀውን አንድ አድርጎ ይቀጣል። ሐሳቡንስ መርምሬ ጨርሼዋለሁ ብሎ በድፍረት ቢፈርድ፣ ለሰው ያልተሰጠውን ሥልጣን ለራሱ ወሰደ። እንግዲህ ሰው ከሁለቱ ስሕተቶች ርቆ በባልንጀራው ላይ እንዴት ይፈርዳል? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነገር ነው።

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ የምናደርገው አንድ የጃፓን ፊልም ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህር ስለ ፊልም ለመናገር ምን አገደው የሚል ቢኖር፣ መልሳችን አጭር ነው። በዘመናችን ሰው ፍርድ መስጠትን ከሚለማመድባቸው ስፍራዎች አንዱ ፊልም የሚያይበት ስፍራ ነው። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተመልካቹ አንዱን ይወድዳል፤ ሌላውን ይጠላል፤ ይህን ይፈታል፤ ያንን ይኰንናል። ከዚያም ያንኑ የፍርድ ልማድ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በጎረቤቱና በሠራተኛው ላይም ይፈርድበታል። ስለዚህ ልማዱን በፊልሙ ላይ እያለ ብንመረምረው ይሻላል።

ታሪኩ

ፊልሙን የሠራው ኬንጂ ሚዞጉቺ የሚባለው ዕውቅ የጃፓን ፊልም አዘጋጅ ነው። የወጣበት ዘመን 1954 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በጃፓን ቋንቋ «ቺካማትሱ ሞኖጋታሪ» ይባላል፤ የቺካማትሱ ታሪክ ማለት ነው። በውጭ አገር ግን «የተሰቀሉት አፍቃሪዎች» በሚል ስም ይታወቃል። ቺካማትሱ ሞንዛዬሞን ከ1653 እስከ 1725 ዓ.ም. የኖረ ታላቅ የተውኔት ደራሲ ነው፤ ይህንም ታሪክ በ1715 ዓ.ም. በአሻንጉሊት ለሚታይ ተውኔት ጽፎታል። መሠረቱ በእውነት የተደረገ ነገር ነው። በ1683 ዓ.ም. በኪዮቶ ከተማ የአንድ ባለጸጋ የቀን መቍጠሪያ አታሚ ሚስትና የዚያው ቤት ሠራተኛ በዝሙት ተከሰው በሞት ተቀጥተዋል።

በዚያ ዘመን ጃፓንን ያስተዳድር የነበረው የቶኩጋዋ መንግሥት ነው። በሕጉ ባል ያላት ሴት ከሌላ ወንድ ጋር ብትገኝ ሁለቱም ይሞቱ ነበር። ሴቲቱ የጌታ ሚስት፣ ወንዱም የዚያው ጌታ ሎሌ ሲሆን ደግሞ ነገሩ በጌታ ላይ እንደ መነሣት ስለሚቈጠር ቅጣቱ ይከብድ ነበር። ባል ከቤቱ አገልጋይ ጋር ቢተኛ ግን ይህ ሕግ አይነካውም። ይህን የሕግ አድልዎ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ፊት ያስፈልገናል።

በፊልሙ የምናየው አሠሪ ኢሹን ይባላል። ለቤተ መንግሥት ሥራ የሚሠራ፣ የዓመቱንም የቀን መቍጠሪያ ለማተም ብቸኛ መብት የተሰጠው ሰው ነው። በእኛ ዘንድ ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ ሊቅ እንዴት እንደሚከበር ያየ ሰው፣ በዚያ አገር የዘመን መቍጠሪያ የሚወጣበት ቤት ምን ያህል ክብርና ትርፍ እንደነበረው መገመት አይቸግረውም። ታላላቅ ሰዎች ሳይቀሩ ከኢሹን ገንዘብ ይበደራሉ። ሚስቱ ኦሳን በዕድሜ ከእርሱ እጅግ ታንሳለች፤ ለእርሱ የተዳረችውም የወላጆቿ ቤት በገንዘብ ስለ ተቸገረ ነው። ሞሄይ የሚባለው ሠራተኛ ደግሞ በሙያው የተመሰገነ፣ ታሞ እንኳ ከሥራው ያላረፈ ሰው ነው።

የመከራው መነሻ ጥቂት ገንዘብ ነው። የኦሳን ወንድም ዕዳ ይዞት እኅቱን ይለምናታል፤ እርሷም ባሏን ትለምነዋለች፤ ኢሹን አዋርዶ ይመልሳታል። ቢቸግራት ለሞሄይ ታማክረዋለች። ሞሄይም አዝኖላት የጌታውን ማኅተም በባዶ ወረቀት ላይ አትሞ በጌታው ስም ገንዘብ ሊበደር ያስባል። የሠራተኞቹ አለቃ ሱኬሞን ያየውና ለእኔም ጨምረህ ተበደርልኝ ይለዋል። በዚህ ጊዜ ሞሄይ ልቡ ይመለሳል፤ ወደ ጌታውም ሄዶ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናዘዛል።

ኢሹን ይቈጣል። ኦታማ የምትባለው የቤት አገልጋይ ሞሄይን ለማዳን ገንዘቡን የለመንሁት እኔ ነኝ ስትል ግን ቍጣው እጥፍ ይሆናል። ኢሹን በሌሊት ወደ ኦታማ እየሄደ ያስቸግራት ነበርና፤ እርሷም ከእርሱ ለማምለጥ ስትል ለሞሄይ ታጭቻለሁ ብላው ነበርና ነው። ሞሄይን ያስቈልፍበታል። ኦሳን የባሏን ነውር ከኦታማ አፍ ሰምታ፣ እጅ ከፍንጅ ልትይዘው በኦታማ መኝታ ትተኛለች። ሞሄይ ከታሰረበት አምልጦ ኦታማን ሊሰናበት ሲመጣ በዚያ የሚያገኘው እመቤቱን ነው። በመካከላቸው ምንም ክፉ ነገር አልተደረገም፤ ነገር ግን ሱኬሞን አብረው ያያቸዋል፤ ጩኸቱም ቤቱን ይሞላዋል። ኢሹን ሚስቱን አልሰማትም፤ ራስሽን አጥፊ እስከ ማለት ደረሰ። ሁለቱ ተሰደዱ፤ በስደታቸውም ሞትን ቈርጠው በሐይቅ ላይ በጀልባ ሳሉ ሞሄይ ፍቅሩን ገለጠላት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የተከሰሱበት ነገር እውነት ሆነ።

ሦስት ትርጓሜ

ይህ አሠሪ ለምን እንዲህ አደረገ? ፊልሙን ያዩ ሰዎች የሚሰጡት መልስ በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው፣ ገንዘብ ስለሚወድ ነው የሚል ነው። ለሚስቱ ወንድም ጥቂት ገንዘብ ቢሰጥ ኖሮ ማኅተሙም አይነካም፤ ሌሊቱም አይመጣም፤ ሰውም አይሞትም ነበር ይላሉ።

ሁለተኛው፣ ቅናት ነው የሚል ነው። የማኅተሙን ጥፋት ሲሰማ የተቈጣው እንደ ማንኛውም ነጋዴ ነው፤ የኦታማ ስም ሲነሣ ግን ቍጣው መልኩን ለወጠ። ስለዚህ በሞሄይ ላይ የፈረደበት ባለ ንብረቱ ኢሹን ሳይሆን ተቀናቃኙ ኢሹን ነው ይላሉ።

ሦስተኛው፣ ሕግንና የቤቱን ሥርዓት ስለሚጠብቅ ነው የሚል ነው። ሎሌ የጌታን ማኅተም ቢሰርቅ፣ ሚስትም በሌሊት ከሎሌ ጋር ብትገኝ፣ የቤት አባወራ ዝም ሊል አይገባውም፤ ጨካኝ ቢመስልም የዘመኑን ሕግ ፈጸመ ይላሉ።

ሦስቱም ከፊልሙ የሚጠቅሱት ማስረጃ አላቸውና አንዱንም በችኰላ አንጥልም። ነገር ግን የሰውን ሐሳብ ከአንዲት ሥራው ብቻ ማንበብ፣ መጽሐፍን ከአንድ ቃሉ መተርጐም ነው። ቃል የሚተረጐመው ከላዩና ከታቹ ካለው ጋር ተያይዞ እንደ ሆነ፣ የሰውም ሥራ ከሌላው ሥራው ጋር ተያይዞ ይመረመራል።

ሚዛኑ

መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህ ሰው ያንኑ ጥፋት በራሱ ላይ ሲያገኘው እንዴት ፈረደ የሚለውን ነው። በፊልሙ መጀመሪያ በዝሙት የተፈረደባቸው አንዲት ወይዘሮና ሎሌዋ ሊሰቀሉ በከተማው መካከል ሲነዱ የኢሹን ቤተ ሰብ ያያል። ያ ትርኢት ያለፈው ኢሹን በኦታማ ላይ ክፉ ሐሳብ ባሰበበት ቤት ደጃፍ ነው። እርሱ የጋብቻን ክብር ለጋብቻ ብሎ የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ከራሱ በጀመረ ነበር። ሕጉ እርሱን ስለማይነካው ሕጉን ወደደው። እንግዲህ ሦስተኛው ትርጓሜ በዚህ ሚዛን ላይ ቀለለ።

ቀጥሎ የምንጠይቀው ፍርዱ እርሱን በሚጐዳበት ጊዜ ምን አደረገ የሚለውን ነው። ሕጉ እንዲህ ያለውን ነገር ለሹማምንት እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል፤ ቢያስታውቅ ግን ስሙ ይጐድፋል፤ መብቱም ይነካል። ስለዚህ ሸሸገ። ሚስቱን ከሞሄይ ለይተው እንዲመልሱለት፣ ነገሩም እንዳልተደረገ ሆኖ እንዲቀር ሰዎችን በስውር ላከ። ሕግ ወዳድ ነኝ የሚል ሰው ሕጉ በእርሱ ላይ ሲዞር መሸሸጉ፣ የሚወደው ሌላ ነገር እንደ ነበረ ይመሰክርበታል። ይህ ሥራው የቅናትንም ትርጓሜ ያዳክመዋል። በቅናት የነደደ ሰው ሁለቱን ለማጥፋት ይቸኵላል እንጂ ሚስቴን መልሱልኝና ነገሩ ይሸፈን አይልም።

በመጨረሻም ለማን ሰጠ፣ ለማንስ ነፈገ ብለን እንጠይቃለን። ኢሹን ገንዘብ የሚሰጣቸው ሰዎች አሉ፤ እነርሱም የእርሱን ክብር ከፍ ሊያደርጉለት የሚችሉ ታላላቆች ናቸው። የነፈገው ደግሞ ሊከፍለው ምንም የሌለውን የሚስቱን ወንድም ነው። እንግዲህ ገንዘብን ለገንዘብነቱ ብቻ የሚወድድ አይደለም፤ ገንዘቡን የሚያውለው ለስሙ መሰላል ነው።

ሦስቱን መልሶች ስናገናኝ በልቡ የምናገኘው ገዢ ሐሳብ ፍርሃት ነው፤ ይኸውም ቤቴ ይፈርሳል፣ ስሜ ይጠፋል የሚል ፍርሃት ነው። ስስቱም፣ ቅናቱም፣ ሕግ ጠባቂ መምሰሉም ለዚህ ፍርሃት አገልጋዮች ናቸው። ፍርሃት ሲገዛን ሚስት ሰው መሆኗ ይረሳል፤ የቤቱ ስም የተጻፈባት ዕቃ ትሆናለች። ሎሌም ታማኝነቱ ይረሳል፤ እንዳይሰነጠቅ የሚፈራ ግድግዳ ይሆናል።

ለአሠሪው የሚነገርለት

ፍርድ ሁለት ጆሮ ይሻልና ለኢሹን የሚነገርለትንም እንናገር። የማኅተሙ ነገር እውነተኛ በደል ነው። የነጋዴ ማኅተም ቃሉ ነው፤ በባዶ ወረቀት ላይ የታተመ ማኅተም ጌታውን ወደማያውቀው ዕዳ ሊያስገባው ይችላል። ሞሄይ ለምጽዋት ቢያስበውም የሌላውን እጅ አስፈርሞ ምጽዋት አይሰጥም። በዚህ የተቈጣ አሠሪ ክፉ ነው ሊባል አይገባም።

ፍርሃቱም ከባዶ የመጣ አልነበረም። አባወራውን በቤተ ሰቡ ጥፋት የሚይዝ፣ መብቱንም በአንድ ቀን ሊነጥቅ የሚችል መንግሥት በላዩ ነበረ። የእርሱን የሕትመት መብት ሲመኝ የኖረ ሌላ ነጋዴም ውድቀቱን ይጠባበቅ ነበር፤ የሠራተኞቹ አለቃ ሱኬሞንም ከዚያ ሰው ጋር ተማክሮበታል። ጨካኝ ሁሉ በላዩ ሌላ ጨካኝ አለበት ማለት ነው። ይህ ኢሹንን ነጻ አያወጣውም፤ ነገር ግን ክፋት ሁሉ ከአንድ ሰው ልብ ብቻ እንደማይመነጭ ያስተምረናል።

ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ታሪኩን ማን እንደ ነገረን እንጠይቅ። ከቺካማትሱ ተውኔት 29 ዓመት በፊት፣ በ1686 ዓ.ም.፣ ኢሃራ ሳይካኩ የሚባል ደራሲ ይህንኑ የኪዮቶ ታሪክ ጽፎት ነበር። በሳይካኩ ድርሰት የኦሳን ባል ጨካኝ አይደለም። ውበቷን አይቶ ወድዶ ያገባት፣ ለሥራም ወደ ኤዶ ከተማ የሄደ ሰው ነው፤ ጥፋቱ የሚደርሰው እርሱ በሌለበት ነው። ሚዞጉቺ ግን ጨካኙን ጌታ በፊታችን አቆመልን፤ ኤይታሮ ሺንዶ የተባለው ተዋናይም በሚገባ አሳየው። የደረሰው ነገር አንድ ሲሆን የባልየው ልብ በሁለት ደራስያን እጅ ሁለት ሆነ። በ1683 ዓ.ም. የኖረው የእውነተኛው አታሚ ልብ ከሁለቱ የትኛውን ይመስል እንደ ነበረ ለሰው አልተገለጠም።

ይህ ለፊልም ብቻ የሚጠቅም ትምህርት አይደለም። አንዲት ሠራተኛ ስለ አሠሪዋ ስትናገር፣ አሠሪዋም ስለ ሠራተኛዋ ስትናገር፣ እያንዳንዷ የሌላዪቱን ልብ ሥላ ታሳየናለች። ተናጋሪዎቹ ይዋሻሉ ማለታችን አይደለም፤ ሰው የጐዳውን ሰው ልብ ሲሥል ጥቁሩን ቀለም አብዝቶ ይቀባልና ነው። ሥራውን ከምስክር እንቀበል፤ ሐሳቡን ግን እኛው ራሳችን በሚዛን እናኑር።

ስለ ሁለቱ ሰዎች

አሠሪው ጨካኝ ስለ ሆነ የሁለቱ ፍቅር ትክክል ሆነ የሚል ተመልካች ብዙ ነው። ፊልሙም ወደዚያ ይስባል። እኛ ግን የአንዱ ክፋት የሌላውን ጥፋት ጽድቅ አያደርገውም እንላለን፤ ጋብቻን ማፍረስ በደል ነውና። ሆኖም ማዘን ሌላ ነው፤ ማጽደቅ ሌላ ነው። ለሁለቱ የማያዝን ልብ ካለ እርሱ ከኢሹን ልብ የራቀ አይደለም።

ከዚህም በላይ የነገሩን ቅደም ተከተል ማስተዋል ይገባል። በተከሰሱ ጊዜ ንጹሓን ነበሩ። አሠሪው በዚያች ሌሊት መብራት አስበርቶ፣ ሁለቱንም ለየብቻ ጠርቶ፣ አንቺ ለምን በዚህ ተኛሽ፣ አንተስ ለምን መጣህ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ መልሱ በቤቱ ውስጥ ነበረ። አልጠየቀም፤ ምክንያቱም የኦሳን መልስ የራሱን ነውር ይገልጥበት ነበር። እንግዲህ ያልነበረ ኀጢአት በሐሰት ጥርጣሬ ተዘርቶ እውነተኛ ኀጢአት ሆኖ በቀለ። ሰውን በሌለበት ጥፋት ከቤት ያባረረ፣ በመንገድ ላይ ለሚደርስበት ጥፋት ተካፋይ ነው።

በቅዱስ መጽሐፍም እንዲህ ያለ አሠሪ እናውቃለን። ጲጥፋራ በዮሴፍ ላይ የሚስቱን ክስ ሰምቶ ወደ ወኅኒ አስገባው። ቤቱን ሁሉ በእጁ አደራ የሰጠው፣ በሥራውም የተባረከበት አገልጋይ ነበረ፤ ሆኖም ያ የብዙ ዘመን ታማኝነት በአንዲት ሰዓት ቍጣ ተረሳ። በዮሴፍ ላይ የተፈጸመው በደል በፊልሙ ከተሣለው ጋር አንድ መልክ አለው፤ አሠሪው ለክሱ ጆሮ ሰጠ፣ ለተከሳሹ ግን አልሰጠም።

ለእኛ የሚሆነው

አንባቢ ሆይ፤ ኢሹን በኪዮቶ የኖረ ባለጸጋ ነውና እኔን አይመለከተኝም አትበል። በቤቱ አንዲት ሠራተኛ ያለችው፣ በሱቁ አንድ ልጅ የቀጠረ፣ በመሥሪያ ቤቱ የሁለት ሰዎች አለቃ የሆነ ሁሉ አሠሪ ነው። ለዚህም አራት ነገር እንመክራለን።

አንደኛ፣ በሥራው ላይ ፍረድ፤ ስለ ሐሳቡ ግን ጠይቅ። ገንዘብ ጐደለ ማለት ሌባ ነሽ ማለት አይደለም፤ ዘገየህ ማለትም ንቀኸኝ ነው ማለት አይደለም። ኢሹን ከጥፋቱ ወደ ሰውየው ልብ የዘለለው በአንድ እርምጃ ነበር።

ሁለተኛ፣ ጥፋቱን በገዛ አፉ የነገረህን ሰው ከተያዘው ሰው ጋር አንድ አድርገህ አትቅጣ። ሞሄይ በተናዘዘበት ሰዓት የቤቱ ሁሉ ዕጣ በኢሹን እጅ ነበረ። ገሥጾና ቀጥቶ ቢምረው ኖሮ ታማኝ ሠራተኛ ባተረፈ፣ ሌሊቱም በሰላም ባለፈ ነበር። ኑዛዜን በወኅኒ የሚመልስ አሠሪ ሠራተኞቹን ውሸት ያስተምራቸዋል።

ሦስተኛ፣ በቍጣህ ውስጥ የራስህ ጕዳይ ተደባልቆ እንደ ሆነ መርምር። ቍጣህ ከጥፋቱ ልክ ሲያልፍ፣ ትርፉ ከሌላ ስፍራ የመጣ ነው። በዚያ ሰዓት ፍርዱን ለነገ አሳድረው።

አራተኛ፣ በሌላው ላይ የያዝኸውን ሚዛን ወደ ራስህ አዙረው። ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የድኻውን ሰው በግ ስለ ወሰደው ባለጸጋ በነገረው ጊዜ፣ ንጉሡ በቍጣ ፈረደ፤ ከዚያም ፍርዱ የራሱ እንደ ሆነ ተነገረው። ፊልምም ለሚያስተውል ሰው እንደዚያ ምሳሌ ነው። በኢሹን ላይ የተቈጣን ሁሉ ፊልሙ ካለቀ በኋላ በገዛ ቤታችን ያለውን የታመመ ሠራተኛ፣ የዘገየውን ደመወዝ፣ ሳንሰማው የቀረነውን መልስ እናስታውስ።

የኢሹን ፍጻሜ እንዲህ ሆነ። ለማዳን ሲል የሸሸገው ነገር ተገለጠበት፤ ባለማስታወቁም ተፈርዶበት ንብረቱ ተወረሰ፤ እርሱም ከአገር ተሰደደ። ሁለቱ ሰዎች ጀርባና ጀርባቸው ተገጥሞ በአንድ ፈረስ ላይ ታስረው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ሞት ሲሄዱ የቤቱ ሠራተኞች በመንገድ ዳር ቆመው አዩ፤ እመቤታቸውንም እንደዚያ ቀን ተረጋግታ አይተዋት እንደማያውቁ ተናገሩ። በዚያ ቤት ስትኖር ፊቷ ላይ የጠፋውን ሰላም በሞቷ መንገድ ማየታቸው፣ ስለ አሠሪው የተነገረ የመጨረሻው ምስክርነት ነው። የእያንዳንዳችንም ቤት አንድ ቀን እንዲሁ በአገልጋዮቹ አፍ ይመሰከርለታል ወይም ይመሰከርበታል። ልብን መርምሮ የሚፈርደው እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ እኛ ግን በእጃችን ያለውን፣ ይኸውም መስማትን፣ ደመወዝን በጊዜው መስጠትንና ቍጣን ማሳደርን፣ ዛሬ እንፈጽም።